የተቃጠለው የላሃይና የባህል ማዕከል፦ ቤቱ ቆሞ ሰዉ ካልተመለሰስ?

ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ካርታ ተዘርግቷል እንበል። የቦታ ስሞቹ በሃዋይኛ ናቸው። አንድ ሰው የቅድመ አያቱን ስም በብጣሽ ወረቀት ይዞ መጥቷል። ቤተሰቡ ድሮ በዚህ አካባቢ መሬት ነበረው፤ የቱ ጋ እንደነበረ ግን የሚያውቅ ጠፍቷል። ከካርታው ጎን የትውልድ ሐረግ መዝገብ ይገለጣል። ጣት ከስም ወደ ስም፣ ከወንዝ ወደ እርሻ እየሄደ ይፈልጋል።

የሃዋይ የባህል ማዕከል ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የሁላ ጭፈራና የአበባ ጉንጉን ነው። እንዲህ ያለው የጠረጴዛ ሥራ ግን የማዕከላቱ የጀርባ አጥንት ነው። በማዊ ደሴት፣ በላሃይና ከተማ፣ ፍሮንት ስትሪት በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ የነበረው ና አይካኔ ኦ ማዊም እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ስሙ "የማዊ ወዳጆች" እንደ ማለት ነው። የቆዩ ካርታዎች፣ ሰነዶች፣ መጻሕፍትና ከአያት ቅድመ አያት የወረዱ ቅርሶች ነበሩበት። ኦገስት 8 ቀን 2023 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ማዕከሉ ከነበሩበት ነገሮች ጋር ተቃጠለ። መሪው ኬኤአውሞኩ ካፑ እና ባልደረቦቻቸው በብዙ ዓመት የሰበሰቡት ሁሉ በአንድ ከሰዓት አመድ ሆነ።

ስለ መልሶ ግንባታው ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ገንዘብ፣ ፈቃድና ዲዛይን ነው። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ጠረጴዛ እንደገና ሲዘረጋ፣ ብጣሽ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ሰው አሁንም ላሃይና ውስጥ ይኖር ይሆን?

እስቲ ከእሳቱ እንጀምር። የዚያን ቀን ሃሪኬን ዶራ የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ከደሴቶቹ በስተደቡብ ርቆ እያለፈ ነበር። በስተሰሜን ደግሞ ከፍተኛ የአየር ግፊት ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ነፋስ ምሰሶ ይጥል ነበር። ጠዋት ላይ አንድ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር እንደገና ኃይል ሲለቀቅበት ደረቁን ሣር ለኮሰው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አጠፉት፤ ጠፍቷል ብለውም ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ያው እሳት አገረሸ። የማዊ የእሳት አደጋ መምሪያና የፌደራል መርማሪዎች በ2024 ይፋ ያደረጉት ውጤት ይህ ነው። 102 ሰዎች ሞቱ። ከ2,200 በላይ ሕንጻዎች ወደሙ። 12,000 ያህል ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ።

ላሃይናን በቱሪስት ፎቶ ብቻ የሚያውቃት ሰው ምን እንደጠፋ ላይገባው ይችላል። ከተማዋ እስከ 1845 ድረስ የሃዋይ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ከተማውን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ በ1831 የተከፈተው የላሃይናሉና ትምህርት ቤት አለ። የመጀመሪያው የሃዋይኛ ጋዜጣ በ1834 የታተመው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማተሚያ ቤቱ የነበረበት የድንጋይ ቤት ከእሳቱ ተርፏል። ታች ከተማው ውስጥ ያለው የዋይኦላ ቤተ ክርስቲያን ግን ነደደ፤ 200ኛ ዓመቱን በያዘበት ዓመት። በአጥር ግቢው የንጉሣውያን ቤተሰብ መቃብር አለ።

አሁን ወደዚያ ጠረጴዛ ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና።

በ1848 በሃዋይ ታላቅ የመሬት ክፍፍል ተደረገ። ማሄሌ ይሉታል። እስከዚያ ድረስ መሬት የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። በክፍፍሉ መሬቱ በንጉሡ፣ በመንግሥትና በአለቆች መካከል ተከፋፈለ። ተራው ገበሬ እንዲጠይቅ የተፈቀደለት በ1850 በወጣ ሌላ ሕግ ነው፤ የሚያርሰውንና የሚኖርበትን ቁራሽ መሬት አስለክቶ፣ ምስክር አቁሞ፣ በስሙ ማስመዝገብ ነበረበት። ብዙው ሰው አላስመዘገበም። ሕጉን ያልሰማ ነበር፣ የማስለኪያ ገንዘብ ያልነበረው ነበር፣ መሬት እንዴት የአንድ ሰው ይሆናል ብሎ የተወውም ነበር። በመጨረሻ ለገበሬው የደረሰው ከአገሩ መሬት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ ቁራሽ መሬት ኩሌያና ይባላል። እኛ ርስት ብንለው ይቀርባል። ግን ቃሉ መብትንም ኃላፊነትንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ኩሌያና አለኝ የሚል ሰው መሬቱ የእኔ ነው ማለቱ ብቻ ሳይሆን እኔም የመሬቱ ተጠሪ ነኝ ማለቱ ነው።

ችግሩ የመጣው ከትውልድ በኋላ ነው። አንድ ቅድመ አያት ያስመዘገቡት ሁለት ሦስት ኤከር ዛሬ የመቶ ወራሾች የጋራ ሀብት ይሆናል። ወራሾቹ ተበትነዋል። ስማቸው ተቀይሯል። ብዙዎቹ ድርሻ እንዳላቸውም አያውቁም። ታዲያ አንድ ትልቅ ባለመሬት ከአንዱ ወራሽ ትንሽ ድርሻ ይገዛና ፍርድ ቤት ይሄዳል። የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ይወሰንልኝ ብሎ ይከሳል። ቀርቦ ዘሩን ቆጥሮ ማስረዳት ያልቻለ ወራሽ መብቱን ያጣል። የሸንኮራ አገዳ ኩባንያዎች ብዙ መሬት የሰበሰቡት በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩ አሁንም አለ። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ በካዋይ ደሴት በገዛው ሰፊ ይዞታ መካከል ያሉትን ቁራሽ መሬቶች ለመጠቅለል በ2016 መጨረሻ እንዲህ ያለ ክስ ተከፍቶለት ነበር። ነገሩ ሲሰማ ሕዝቡ ተቆጣ፤ እሱም በ2017 ጥር ወር ክሱን እንደተወ አስታወቀ። ታዋቂ ሰው ስለሆነ ዓለም አወቀው። የማይታወቁት ክሶች ግን ብዙ ናቸው።

እንግዲህ በሃዋይ የትውልድ ሐረግ ለመኩራራት የሚቆጠር ነገር ብቻ አይደለም። የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው። አያትህ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የትኛው ወንዝ ዳር እንደኖረች፣ በየትኛው ቦይ ውሃ እንዳጠጣች ማሳየት ከቻልክ መሬትህ ላይ ትቆያለህ። ካልቻልክ ትለቃለህ። የባህል ማዕከል ተቃጠለ ሲባል የተቃጠለው ይህም ጭምር ነው።

ሁሉም ጠፋ ማለት ግን አይደለም፤ ይህንን መናገር ተገቢ ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን የመሬት ኮሚሽን መዝገቦች ዋና ቅጂያቸው በሆኖሉሉ በመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገኛል። በ1889 የተመሠረተው የቢሾፕ ሙዚየምም ትልቅ ክምችት አለው። ደግሞ ሃዋይያውያን የጻፉ ሕዝብ ናቸው! ፊደል በገባላቸው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ሰው ማንበብ ችሎ ነበር። ከመቶ በላይ በሃዋይኛ የሚዘጋጁ ጋዜጦች ነበሯቸው፤ ሁሉም ሲደመር 125,000 ገጽ ገደማ ይሆናል። የሞት ዜና፣ ሙሾ፣ የዘር ቆጠራ፣ የመሬት ጠብ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ብዙው ገጽ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባል።

የትም የሌለው ሌላው ነው። የአንዲት አያት የእጅ ጽሑፍ ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ። ከፎቶ ጀርባ የተጻፈ ስም። በካርታ ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ከአባቱ ሰምቶ በእርሳስ የጨመረው የምንጭ ስም። የዚህ ዓይነት ነገር ቅጂ የለውም። በእሳቱ ከሞቱት 102 ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው። በየቤቱ ጥያቄ ሲነሳ "እስቲ እሳቸውን ጠይቁ" የሚባሉት ሰዎች ናቸው የሄዱት። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ የመልሶ ግንባታው የመጀመሪያ ሥራ ከመሠረት ቁፋሮው በፊት የሚሠራ ነው እላለሁ። ስካነርና መቅረጫ ይዞ ቤተሰብ ለቤተሰብ መዞር። በጊዜያዊ መጠለያ ያሉትን፣ በሌላ ደሴት ዘመድ ቤት የተጠጉትን፣ ወደ አሜሪካ ዋና ምድር የሄዱትን። የተረፈውን ፎቶ ማንሳት፣ ሽማግሌዎችን ማስወራት፣ የተገኘውን ቢያንስ በሦስት የተራራቁ ቦታዎች ማስቀመጥ። ይህ ሥራ ሕንጻ አይጠብቅም። አንድ ዓመት ሲዘገይ የሚታጣውን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ቀጥሎ ውሃው ይመጣል። የውሃው ታሪክ ከሌለ የእሳቱም ታሪክ አይገባም።

ላሃይና በተፈጥሮዋ ደረቅ ናት፤ ዝናብ የሚጥለው ከኋላዋ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። ድሮ ግን ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ከተማዋን ያረሰርሷት ነበር። የጥንቱ ሰው ካ ማሉ ኡሉ ኦ ሌሌ ይላት ነበር፤ የሌሌ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ጥላ ማለት ነው፤ ሌሌ የከተማዋ የጥንት ስም ነው። መሐሏ ላይ ሞኩሂኒያ የሚባል ሰፊ ኩሬ ነበር። በኩሬው ውስጥ ሞኩኡላ የተባለች ትንሽ ደሴት ነበረች። ንጉሥ ካሜሃሜሃ ሣልሳዊ የኖሩት እዚያ ነው። ኩሬውን ኪሃዋሂኔ የተባለች የውሃ አድባር ትጠብቀዋለች ተብሎ ይታመን ነበር።

በ1860 ፒዮኒር ሚል የተባለው የስኳር እርሻ ተመሠረተ። ሸንኮራ አገዳ ውሃ ይጠጣል። ወንዞቹ በቦይና በዋሻ ወደ እርሻው ተጠለፉ። የዳቦ ፍሬ ዛፎቹ ሳሱ። ኩሬው ረግቶ የትንኝ መራቢያ ሆነ። በ1914 በአፈር ተሞላ። ከዚያ በላዩ ላይ የቤዝቦል ሜዳ ተሠራ። ንጉሥ የኖረበት ደሴት ከሜዳው ሥር አንድ ሜትር ገደማ ወርዶ ቀረ። በ1990ዎቹ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ እዚያው አገኙት።

የስኳር ፋብሪካው በ1999 ተዘጋ። እርሻው ጦም አደረ። በቦታው ከአፍሪካ ለከብት መኖ የገባ ረጅም ሣር ወረረው፤ የጊኒ ሣር ይሉታል። ዝናብ ሲያገኝ ከሰው ቁመት በላይ ይዘላል፣ በጋ ሲመጣ ክብሪት ይሆናል። ዛሬ ከሃዋይ ግዛት መሬት ሩብ ያህሉ እንዲህ በመጤ ሣር የተሸፈነ ነው። በ2018 ሃሪኬን ሌን ሲያልፍ ያው የላሃይና ዙሪያ ሣር ነዶ 21 ሕንጻዎች ወድመው ነበር። ማስጠንቀቂያው ከአምስት ዓመት በፊት መጥቷል ማለት ነው።

ከእሳቱ በኋላ የዓለም ካሜራ ሁሉ የዞረው ወደ አንድ ዛፍ ነበር። ከድሮው ፍርድ ቤት አጠገብ ያለው ግዙፍ ባንያን። ከሕንድ መጥቶ በ1873 የተተከለ ነው። ተቃጥሎ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠል አወጣ። ሰው ተደሰተ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የከተማዋ የድሮ ጥላ የዳቦ ፍሬ እንጂ ባንያን አልነበረም። ይህን ማስታወስ ያለብን ይመስለኛል። የላሃይና ተወላጆች ከእሳቱ ወዲህ የሚያነሱት ጥያቄም ይኸው ነው፤ መልሰን የምንገነባት የትኛዋን ላሃይና ነው? የ2023ቷን ወይስ ከዚያ የቀደመችዋን? የሞኩሂኒያን ኩሬ መልሶ ማውጣት፣ ወንዞቹን ወደ ቀድሞ መንገዳቸው መመለስ፣ የዳቦ ፍሬ ዛፍ መትከል ከባህል ማዕከሉ ግንባታ ጋር አብረው የሚነሱት ለዚህ ነው። እርጥብ መሬት ቶሎ አይነድም። የውሃ እርሻ ያለው የትምህርት ማዕከል ለከተማውም የእሳት መከላከያ ነው።

የግንባታው ሂደት ራሱ ቀላል አይደለም። ላሃይና ከ1962 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ናት፤ በባሕር ዳር ለመሥራት ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለ። ከሁሉ በላይ በአፈሩ ውስጥ የአያቶች አጥንት አለ። ኢዊ ኩፑና ይሉታል። ለሃዋይያውያን አጥንት የሰውየው መንፈስ ማደሪያ ነው፤ ከቦታው መነሳት የለበትም። ፍርስራሹ ሲነሳ የባህል ታዛቢዎች ከቁፋሮ መኪናዎቹ ጎን ይቆሙ የነበረው ለዚህ ነው። ኤክስካቫተሩ አንድ አካፋ ሲያነሳ ያያሉ፣ አንድ ነገር ሲጠራጠሩ ያስቆማሉ። አድካሚ ሥራ ነው። እንደኔ ግን ይህ የግንባታው መዘግየት አይደለም፤ የግንባታው አካል ነው።

ቤቱስ በምን ይሠራል? የማዊ አስተዳደር ከብዙ ዓመት በፊት የተወላጆቹን የሣር ቤት፣ ሃሌን፣ በግንባታ ደንቡ ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ ባህላዊውን ቤት በሕጋዊ ፈቃድ መሥራት ይቻላል። ሃሌ ሲሠራ አይቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያስበው። ሚስማር የሚባል ነገር የለም። ቋሚው ከወራጁ፣ ወራጁ ከማገሩ በገመድ ይታሰራል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሆኖ፣ አንዱ ገመዱን ሲያዞር ሌላው ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይስባል። ቋጠሮው ከላላ ጣሪያው በነፋስ ይሄዳል። አንድ ወጣት ይህን ከመጽሐፍ አይማረውም። እጁ ተላጦ ነው የሚማረው። የአገሩ እንጨት አሁን ስለተመናመነ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከውጭ ገብቶ ጫካውን የወረረው ዛፍ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ ጫካውም ይጸዳል። በተቃጠለ ከተማ የሣር ክዳን ማለት ያስፈራ ይሆናል፤ ዙሪያው ከደረቅ ሣር ከጸዳና ከጎኑ ውሃ ካለ ግን አደጋው ከሌላው የእንጨት ቤት ያን ያህል የሚርቅ አይመስለኝም። ለሰነዶቹ ግን እሳት የማይበግረው ክፍል የግድ ነው። በዚህ ላይ መደራደር የለም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የፌደራሉ መንግሥት ለማዊ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የመልሶ ማቋቋሚያ ገንዘብ መድቧል፤ ትኩረቱ መኖሪያ ቤት ላይ ነው። ለተጎጂዎች የተደረሰው የካሳ ስምምነትም 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አንዳንዱ ባህል እየተረሳ ነው ብሎ ያዝናል። እኔ ግን ቤት መቅደሙ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱም የባህል ማዕከሉን ከእሳቱ ይበልጥ የሚያሰጋው የቤት ዋጋ ነው።

በማዊ የአንድ ቤተሰብ ቤት መካከለኛ ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አስተናጋጅ፣ መምህር ወይም ዓሣ አጥማጅ ይህን አይገዛም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሃዋይ ተወላጆች 53 በመቶ የሚሆኑት የሚኖሩት ከሃዋይ ውጭ ነው። ከገዛ አገራቸው ውጭ! ላስ ቬጋስን "ዘጠነኛዋ ደሴት" ይሏታል፤ ዋና ዋናዎቹ የሃዋይ ደሴቶች ስምንት ስለሆኑ። ቬጋስ ያላችሁ ሐበሾች ይህን ሳታውቁት አትቀሩም፤ ሥራ ቦታ አጠገባችሁ የቆመው ሰው ሃዋይያዊ ሊሆን ይችላል። አገሩን ለምን እንደለቀቀ ብትጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ ስለ ቤት ኪራይ ነው።

ከእሳቱ በኋላ አመዱ ሳይቀዘቅዝ ለባለንብረቶች መሬታችሁን እንግዛ የሚል ስልክ ይደወል ነበር። ገዥው ጆሽ ግሪን የመሬት ሽያጭ ለጊዜው እንዲታገድ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። "ላሃይና አትሸጥም" የሚል ጽሑፍ በየቦታው ተሰቀለ። ነዋሪዎቹ የላሃይና የማኅበረሰብ መሬት ትረስት የሚባል ድርጅትም አቋቋሙ። ለመሸጥ የተገደደ ሰው ሲኖር ትረስቱ መሬቱን ይገዛና ለአካባቢው ሰው መኖሪያ እንዲሆን ይይዘዋል። ለእኔ ይህ ድርጅት የባህል ማዕከሉ ሌላኛው ክንፍ ነው። ስሙ ላይ ባህል የሚል ቃል ባይኖርም፣ ብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰው ላሃይና እንዲቆይ የሚያደርገው እሱ ነውና። ማዕከሉ ተሠርቶ ቤተሰቦቹ ካልተመለሱ ቤቱ የቱሪስት ማረፊያ ይሆናል። ሆቴሎቹ ሠራተኛ ልከው ሁላ ያስጨፍሩበታል። ካርታው በመስታወት ሥር ይቀመጣል፤ ጣቱን የሚያሳርፍበት ግን አይኖርም።

ሃዋይያውያን ካሎ የሚሉት ተክል የእኛው ጎደሬ ነው። እኛ ደቡብና ምዕራብ ላይ ቀቅለን የምንበላው። እነሱ ቀቅለው ወቅጠው ፖይ ያደርጉታል። በአፈ ታሪካቸው የመጀመሪያው ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ ከተቀበረበት መሬት ካሎ በቀለ። ሁለተኛው ልጅ ሰው ሆነ፣ ሃሎዋ ተባለ። ስለዚህ ካሎ ታላቅ ወንድም ነው። የካሎ ቡቃያ ኦሃ ይባላል፤ ቤተሰብ ማለት የሆነው ኦሃና የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ልጆች ይህን የሚማሩት ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው ነው።

ካሎ ሲነቀል ሥሩ ለምግብ ይቆረጣል። ከላይ ግንዱ ትንሽ የሥር ጫፍ እንደያዘ ይቀራል። ሁሊ ይባላል። ሁሊው ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ይተከላል፤ ያው ተክል እንደገና ይበቅላል። እንዲህ ሲተከል ሲነቀል ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ተክል ዛሬም በልጅ ልጅ እጅ ላይ ነው። ከላሃይና በላይ በካዋኡላ ሸለቆ ቤተሰቦች አሁንም ካሎ ይተክላሉ። ከተማው ውስጥ ለሚሠራው አዲስ ማዕከል ሁሊው ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ለምግብ እስኪደርስ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ግን ሁሊውን ተከትሎ ውሃውም ከሸለቆው መውረድ አለበት። ጭቃው ውስጥ የሚገቡት ልጆችም እዚያው ከተማ ማደር አለባቸው።